ጋሼ ደረበ አንድ ጊዜ ያዩት አበባ

ጋሼ ደረበ ማረፋቸውን የነገረኝ የጎንደር ሚኒባስ ሹፌር ነው። ይህ ሹፌር በእኔ በር ሲያልፍ ሁልጊዜ ጡሩምባ ነፍቶ፣ በመስኮት አንድ ነገር ቀልዶብኝ ነው የሚሄደው። የዚያን ቀን ግን መኪናውን ጥግ አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። ሹፌር ሞተር አጥፍቶ ከወረደ ወይ ጎማ ነው ወይ ሞት ነው። ጎማዎቹን አየኋቸው፤ ደህና ናቸው። የምሰፋውን ጆንያ ከጭኔ ላይ ሳላወርድ "ጋሼ ናቸው?" አልሁት።

"ከትናንት ወዲያ ቀበርናቸው" አለኝ።

በከተማችን በገንዳ ውሃ እንደ እርሳቸው ላለ ሰው ድንኳን የሚተክል የለም። ዕድር አልነበራቸውም፣ ዘመዶቻቸውም ያሉት ደጋው አገር ደባት ነው። ስለዚህ ለቅሶውን ብቻዬን ተቀመጥሁ። የሰሙ ጎረቤቶች መጥተው "ለመሆኑ ምንሽ ነበሩ?" ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። አባቴ አይደሉም፣ አጎቴ አይደሉም። የሚያገናኘን አንድ የአገዳ አጥር ነው። እርሱን ብናገር ማን ለቅሶ ይለዋል? ያኔ ያልመለስሁትን ነው እንግዴህ ዛሬ የምጽፈው።

ከአጥሬ ማዶ ያለችውን አንዲት ክፍል ሲከራዩ ስድሳን ያለፉ፣ አጠር ብለው ትከሻቸው ሰፊ፣ ግራ ጆሯቸው በትራክተር ጩኸት የደነቆረ ሰው ነበሩ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከመተማ ዮሐንስ እስከ ኮኪት ባለው የሰሊጥ እርሻ የሰው ትራክተር ሲነዱ ኖረዋል። ጉልበታቸው እምቢ ሲል አሠሪያቸው መጋዘን እንዲጠብቁ አስገባቸው፤ በኋላ ያንንም ተዉት። ያው ጆሯቸው ስለማይሰማ ከሰው ጋር ሲያወሩ ሁሉ ሞተር እንዳልጠፋበት ሰው ይጮኻሉ። "እንዴት አደርሽ ጥሩዬ!" ሲሉኝ ሦስት ቤት አልፎ ያለው ሰው "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ ይመልሳል።

ወሬያቸውም ከትራክተር አይወርድም ነበር። ጠዋት ፊቱን አኮሳትሮ ለሚያልፍ ሰው "ተወው፣ ገና አልሞቀም" ይላሉ። እኔ ከጆንያ ነጋዴዎች ጋር ተጣልቼ ስንጨረጨር ከሰሙ ደግሞ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብለው "ማርሽ ቀንሺ፣ ጥሩዬ። ዳገት ላይ እኮ በትልቅ ማርሽ አይወጣም" ይሉኛል። ማንኛውንም ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሁለቱን መዳፎቻቸውን በሱሪያቸው ላይ ሁለት ጊዜ ይጠርጋሉ። የሞተሩ ግራሶ ከለቀቃቸው ስንት ዘመኑ፣ እጃቸው ግን አያምንም ነበር።

ስለራሴ ብዙ አልናገርም። ባሌ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሥራ አለ ብሎ በመተማ በኩል ከተሻገረ በኋላ በዚያው ቀረ። እኔ የተቀደደ የሰሊጥ ጆንያ እየሰፋሁ እኖራለሁ። ፊደልም የቆጠርሁት ጆንያ ላይ ከተጻፈው ነው፤ ሌላ ትምህርት ቤት አላየሁም። ብቻዬን ሆኜ ጨለማ እፈራለሁ። ሰው ከቤቱ እየታገተ የሚወሰድበት ወሬ በበዛበት ሰሞን በአጥሩ ምሰሶ ላይ አንድ ትልቅ ፓውዛ አሰቀልሁ፤ ሲመሽ አበራዋለሁ፣ ሲነጋ አጠፋዋለሁ። የሰፈሩ ሰው "የጥሩዬ ጨረቃ" ይለዋል። እርሱ ካልበራ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም።

ጋሼ ደረበ ሲመጡ አንድ ሳጥን፣ አንድ የገመድ አልጋና በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ አንድ ነገር ነበር ይዘው የወረዱት። እኔ የሰው ነገር ማወቅ እወዳለሁና አጥሩ ላይ ተንጠላጥዬ አየሁ። ሥር ነው። የተጠላለፈ፣ ቡናማ፣ ለዓይን የማይሞላ ሥር። ይህን ነው ከሁሉም አስቀድመው ክፍላቸው ፊት ባለችው ቀጭን መሬት ላይ የተከሉት።

"ምንድን ነው ጋሼ፣ መድኃኒት ነው?" አልኋቸው።

"አበባ ነው።"

"ለምን ይሆናል?"

"ለምንም" አሉና መዳፋቸውን ጠረጉ።

ሰው ሳቀባቸው። አከራያቸው፣ እዚያ ላይ ባምያ ቢተክሉ ወጥ ይሆንልዎት ነበር፣ ከርከዴም ቢሆን ይጠጣል እያለች ወር ሙሉ ነዘነዘቻቸው። ፊት ለፊታችን ያለው የሰሊጥ ደላላ ደግሞ ባለፈ ባገደመ ቁጥር "ጋሽ ደረበ፣ በሄክታር ስንት ኩንታል ትሰጣለች?" ይላቸዋል። እርሳቸውም ሳይናደዱ "ገና አልተወቃችም" ይላሉ። ስሟን ሲጠየቁ "አስተር" ብለው ነገሩንና ጭራሽ ሰፈሩ ሽማግሌው አስቴር የምትባል ሴት አስቀምጠዋል ብሎ አወራ። እርሳቸውም ቢሆኑ አላስተባበሉም።

የአበባዋን ነገር የነገሩኝ ቀስ በቀስ ነው። እኔ በዚህ በኩል ጆንያ እየሰፋሁ፣ እርሳቸው በዚያ በኩል አፈር እየጫሩ።

ሚስታቸው እንጉዳይ ትባላለች። ደባት ጤና ጣቢያ ጽዳት ትሠራ በነበረ ጊዜ አንዲት ነርስ ከግቢዋ ነቅላ ሥሩን ሰጠቻት፤ ስሙንም ነርሷ ናት የነገረቻት። እንጉዳይ ደጃፏ ላይ ተከለችው። በክረምት ሰው ትከሻ ድረስ ያድጋል፣ በመስከረምና በጥቅምት ያብባል፣ በበጋ ግንዱ ይደርቅና ሥሩ ይቀራል፤ ለከርሞ እንደገና ይበቅላል። ነገሩ ይህ ነው። እርሳቸው ግን አንድም ጊዜ ሲያብብ አላዩትም።

ይህ ለቆላ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም። በሰዓቱ ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይፈስሳል፣ የዓመት ልፋት የወፍ ይሆናል። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት ትራክተር የያዘ ሰው ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሠራተኛ ያመላልሳል፣ ውሃ ያመላልሳል፣ ጆንያ ያመላልሳል። ጋሼ ደረበ ወደ ቤታቸው የሚወጡት በታኅሣሥ ነው። በታኅሣሥ ደግሞ ደጃፉ ላይ ያለው ደረቅ እንጨት ነው።

እንጉዳይ ትነግራቸዋለች። መጀመሪያ ዓመት፣ ወይንጠጅ ነው፣ መሐሉ ቢጫ ነው አለቻቸው። ሌላ ዓመት፣ ንቡ ደጃፍ አላስወጣኝ አለ አለቻቸው። ሌላ ዓመት ደግሞ ሽታው ከአጥር ውጭ ይሰማል፣ መንገደኛ ቆሞ ከየት ነው ይላል አለቻቸው። እርሳቸው ሁልጊዜ "ለከርሞ እመጣለሁ" ይላሉ። አንድ ዓመት ከልባቸው ተነሥተው መንገድ ጀምረው ነበር፤ ትራክተሩ ተሰበረና አሠሪያቸው ከመንገድ አስመለሳቸው። እንዲያው ለከርሞ ለከርሞ ሲሉ እንጉዳይ ሞተች። ቤቱ የአባቷ ነበርና ወንድሞቿ ወሰዱት። እርሳቸው ከቤቱ የወሰዱት ያንን ሥር ብቻ ነው።

"አንድ ጊዜ ልያት እንጂ ሌላ ምን እፈልጋለሁ" አሉኝ። "ስንት ዓመት ሙሉ ስትነግረኝ ኖራ ሳላያት ብሞት፣ እዚያ ስንገናኝ ምን እላታለሁ?"

ደጋ ያደገ ነገር ቆላ ላይ ቀላል አይደለም። መሬታችን ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ይዞ ሥር ያበሰብሳል። ጋሼ በዚያ በሚያነክስ ጉልበታቸው ከወንዝ አሸዋ በጆንያ እየተሸከሙ ከዋልካው ጋር ቀላቀሉ፣ መደቡን ከፍ አደረጉት። ለግንቦት ፀሐይ ከማሽላ አገዳ ዳስ ሠሩለት። ጠዋት ጠዋት ደህናውን ጆሯቸውን ወደ ቅጠሉ ዘንበል አድርገው ቆመው አያቸዋለሁ፤ ሞተር ሲያዳምጡ እንደለመዱት። ሃያ ሰባት ዓመት በትራክተር ማረሻ አረም ሲገለብጡ የኖሩ ሰው፣ አረም የምትመስል አንዲት ተክል ሥር ሲንበረከኩ ማየት ለሌላው ያስቃል። እኔን ግን ማሳቁን እየተወኝ መጣ።

ተክሉ አደገ። ትከሻቸውን አለፈ። ግን መስከረም አልፎ ጥቅምት ገባ፣ ጥቅምት አልቆ ኅዳር ገባ፣ አንድ እምቡጥ አልታየም። ቅጠል ብቻ። ከዚያ ደረቀ። ሰው ሁሉ ድሮስ ቆላ አይስማማትም አለ። እርሳቸው ግንዱን ቆርጠው ሥሩን በገለባ ሸፈኑት።

በሁለተኛው ዓመትም እንደዚያው ሆነ፤ ብቻ አንድ ለየት ያለ ነገር ነበር። ከግድግዳው ጥግ፣ ካረጀ የትራክተር ጎማ ጀርባ ጎንበስ ብላ ያደገች አንዲት ቅርንጫፍ ሁለት እምቡጥ ያዘች። ሳይፈኩ ትል በላቸው። ጋሼ ያንን ጥግ ደጋግመው ሲያዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው ወደ እኔ ግቢ ሲያዩ ትዝ ይለኛል። በዚያ ሰሞን ነው አንድ ወሬ ያወሩልኝ። እርሻ ካምፕ ውስጥ ሳሉ ጄኔሬተሩ አጠገብ ባለው መብራት ሥር የበቀለ ማሽላ ሌላው ፍሬ ሲይዝ እርሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቀር ነበር አሉኝ። ሠራተኞቹ ሰይጣን ይዞት ነው ይላሉ። ጋሼ ግን "ሌሊት ያልተኛ ማሽላ አያፈራም" አሉ። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ። እርሳቸውም ወደ አፈራቸው ተመለሱ።

ሦስተኛው ክረምት ሲገባ በአጥሩ በኩል መጥተው አሮጌ ጆንያዎችን ገጣጥሜ እንደ ትልቅ ከረጢት እንድሰፋላቸው ለመኑኝ። ለምን ስላቸው ፍየል እንዳይበላት አሉ። ሰፋሁላቸው፣ ሲባጎም አልቆጠብሁም። ሲመሽ ተክሉ ላይ ያለብሱታል፣ ሲነጋ ይገፍፉታል። ሐምሌ ላይ አንድ ነፋስ ያዘለ ዝናብ መጣና ከረጢቱን እንደ ሸራ ነፍቶ ግማሹን ግንድ ሰበረው። ጠዋት የተሰበረውን ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ከረጢቱን መለሱልኝ፣ "ልፋትሽን ከንቱ አደረግሁት" ብለው እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ አጋማሽ ላይ የመብራት መስመር ተበጠሰ። ድሮም ይጠፋል፤ አንድ ቀን ሁለት ቀን ነው። ያኔ ግን መንገዱም ተዘግቶ ነበርና ጠጋኝ አልመጣም፤ ከተማው ሳምንታት ጨለመ። እኔ አበድሁ። ጋሼ ገና በመጀመሪያው ቀን ነገሬ ገባቸውና የገመድ አልጋቸውን አጥሩ ጥግ ድረስ ስበው አስጠጉ። ከዚያ በኋላ ሲመሽ እዚያ ሆነው ስለ ትራክተር ያወራሉ። ስለ ነዳጅ መስመር፣ ስለ ፊልትሮ፣ ስለማላውቀው ነገር ሁሉ። እኔም እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። ደላላው "ጥሩዬ፣ የደነቆረ ዘበኛ ቀጠርሽ" ብሎ ሳቀብኝ። ሌባ ቢመጣ የማይሰሙ ሰው መሆናቸውን አላጣሁትም። ግን ድምፅ ነበር፤ የሰው ድምፅ።

በመስከረም ማለቂያ አንድ ጠዋት ስሜን ጠሩኝ። ሁልጊዜ ይጮኹ የነበሩ ሰው ቀስ ብለው ጠሩኝና ደንግጬ ሮጥሁ።

ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። ከተረፈው ግንድ ላይ ከላይ እስከ ታች ወይንጠጅ አበባ ፈክቷል፤ ትንንሽ፣ ብዙ፣ መሐሉ ቢጫ። በዚያ ጭቃ በሆነ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ለበዓል ለብሶ የቆመ ይመስላል። ጋሼ መዳፋቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው ጎንበስ አሉና አፍንጫቸውን አበባው ውስጥ አደረጉ። ቆዩ። ቀና አሉ። እንደገና ጎንበስ አሉ።

"እስኪ አንች አሽትችልኝ" አሉ። "የኔ አፍንጫ በነዳጅ ሞቷል።"

አሸተትሁ። ሌላም፣ ሌላም አሸተትሁ። መዋሸት ፈልጌ ነበር፤ ዓይናቸው ግን እላዬ ላይ ነው።

"የሣር ሽታ ነው ያለው ጋሼ።"

"ሌላ የለውም?"

"የለውም።"

መጀመሪያ ሳቁ። "መንገደኛ ይቆማል ነበር እኮ የምትለኝ" አሉ። ከዚያ ሳቁ ፊታቸው ላይ ሳያልቅ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀመጡ። ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣

"ና ነው የምትለኝ የነበረ" አሉ። "ያን ሁሉ ዓመት ና ስትለኝ፣ እኔ የአበባ ወሬ እሰማለሁ።"

ሌላ ነገር ላወራ ብዬ አፌን ስከፍት ማሽላው መጣብኝ፤ የካምፑ ማሽላ። ጎማው ጥላ ውስጥ እምቡጥ የያዘችው ቅርንጫፍም፣ ከረጢቱም መጣብኝ። ፍየል እኮ ሌሊት አይመጣም።

"ጋሼ፣ መብራቱ ነው አይደል? የኔ ፓውዛ ነው ሳታብብ ያስቀራት።"

እኔን አዩ፣ አበባዋን አዩ።

"የለም፣ ዘንድሮ ዝናቡ ተስማማት ነው" አሉኝ።

"ጆንያውሳ? ሲመሽ ያለብሷት የነበረው?"

"እሱማ ለብርድ ነው።"

ገንዳ ውሃ ላይ ብርድ! በቀንም በሌሊትም ልብስ የሚከብድበት አገር። ሁለታችንም ሳቅን። እየሳቅሁ አመንኋቸው። ማመን ስለፈለግሁ ነው ያመንሁት፤ ይህን ዛሬ ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ጥቅምት ላይ መብራት ሲመጣ ከአጥሩ ማዶ "አብሪው እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ" ብለው የጮኹት እርሳቸው ናቸው። አበራሁ። የገመድ አልጋቸውን ወደ ክፍላቸው መለሱ።

በሚቀጥለው ዓመት ሳል ጀመራቸው፣ ሰውነታቸው ሟሸሸ። ተክሉ ግን እንደ ወትሮው አደገ። ነሐሴ መጣ፣ መስከረም መጣ፤ ቅጠል ብቻ። ጋሼ በርጩማቸውን ፊት ለፊቱ አድርገው ይቀመጣሉ። እኔ ሲመሽ ማብሪያው ላይ እጄን አድርጌ እቆማለሁ። ዛሬ ሳይበራ ይደር እላለሁ። ደግሞ ያ የሰው መታገት ወሬ ትዝ ይለኛል፤ ነገ እላለሁና አበራዋለሁ። እርሳቸውም ብርሃኑ ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ ያያሉ። አንድ ቀን ምንም ሳልጠይቃቸው፣

"እኔ እንደሆን አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። ይበቃኛል" አሉኝ።

እንዳልሰማሁ ሆኜ መርፌዬን ሲባጎ አጎረስሁ።

በጥር ወንድማቸው መጥቶ ለሕክምና ወደ ጎንደር ወሰዳቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ሆነው፣ ደርቃለች ብለሽ እንዳትነቅያት፣ ሥሯ ደህና ነው አሉኝ። በመጋቢት ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

አከራያቸው ክፍሉን ለሌላ ሰው ስታከራይ ያችን መሬት እንዳይነኩብኝ ለመንሁ። ዝናቡ ሲገባ በቀለች። በነሐሴ የመጀመሪያው ቀን ሲመሽ ማብሪያው ጋ ሄጄ፣ ሳላበራ ተመለስሁ።

ያ ሌሊት ምን እንደመሰለ አልናገርም። ጀርባዬን በሩ ላይ አስደግፌ፣ ገጀራ ጭኔ ላይ አድርጌ ነጋ። ሁለተኛውም እንዲሁ ነበር። በሦስተኛው የውሻ ኮቴን ከሰው ኮቴ መለየት ጀመርሁ። በአራተኛው ጥቂት አሸለበኝ። በአምስተኛው ፀሐይ ናት የቀሰቀሰችኝ።

በመስከረም ማለቂያ አበበች። እንደዚያኛው ዓመት አይደለም፣ ትበልጣለች። ሰው መጥቶ አየ፤ ደላላው እንኳ ኩንታሉን ሳይጠይቅ ጥቂት ቆሞ ሄደ። ያዩኝ ሰዎች በአበባዋ ያለቀስሁ መስሏቸው አጽናኑኝ።

ያስለቀሰኝ ሌላ ነው። ጨለማውን ተለማመድሁት። እርሳቸው በርጩማቸው ላይ ሆነው ቅጠል ሲያዩ የከረሙት፣ እኔ አራት ሌሊት በጨለማ ነቅቼ ማደር አቅቶኝ ነው።